የመዳፍና የውስጥ እግር ሶሪያሲስን በሶራለንና በብርሃን ማከም፦ ዝርዝር መመሪያ

ሶሪያሲስ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሲወጣ ቅባት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበግረውም። የአካባቢው ቆዳ ወፍራም በመሆኑ መድኃኒቱ ዘልቆ አይገባም፤ ቅርፊቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እስክሪብቶ መያዝና መራመድ እንኳ ያስቸግራል። የቆዳ ሐኪሞች በዚህ ጊዜ ከሚያዟቸው ሕክምናዎች አንዱ ፑቫ የሚባለው ነው፤ ሜቶክሳለን የተባለው የሶራለን ዓይነት በተበጠበጠበት ውሃ እጅ ወይም እግር ከተዘፈዘፈ በኋላ ዩቪኤ ለሚባለው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይጋለጣል።

ሶራለን ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ብርሃን እስኪያገኘው ድረስ በቆዳው ላይ እንደተኛ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ይያያዝና ከልክ በላይ እየተባዛ ቅርፊት የሚሠራውን ቆዳ ይገታዋል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የማሽኑን ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን አይለይም። በማሽኑ ሥር ሁለት ደቂቃ በጥንቃቄ የቆየ ሰው፣ ከክሊኒኩ ወጥቶ ታክሲ ሲጠብቅ ሌላ መጠን ሳያውቀው ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማሽኑ ይልቅ በልኬቱ፣ በሰዓቱና ከክፍሉ ከወጡ በኋላ ባሉት ሰዓታት ላይ ይቆያል።

መመሪያው የተጻፈው ሕክምናው በቆዳ ሐኪም ለታዘዘላቸው ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። ጠርሙሱን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በራስ መጀመር አይገባም። 1% የሆነው የሜቶክሳለን ሎሽን በአሜሪካ በማሸጊያው መግለጫ ላይ ለታካሚ በእጁ ፈጽሞ እንዳይሰጥ ተብሎ የተጻፈበት፣ በሐኪም እጅ ብቻ የሚቀባ መድኃኒት መሆኑን ማወቅ ስለ ጉልበቱ በቂ ግምት ይሰጣል።

ደረጃ 1፦ ከመጀመርዎ በፊት የሚጣሩ ነገሮች

በሽታው ሶሪያሲስ መሆኑን ያረጋግጡ

መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ፈንገስም እንዲሁ ቅርፊት ያወጣል፣ እንዲሁ ይሰነጠቃል። በተለይ አንድ እጅ ብቻ ወይም በእግር ጣቶች መካከል ከሆነ፣ ቅርፊቱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። ምርመራው ቀላል ነው፤ ሳይደረግ ቀርቶ ወራት በብርሃን ሕክምና ላይ የሚባክንበት ሰው አለ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘርዝሩ

በራሳቸው ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርጉ መድኃኒቶች አሉ። ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ እንዲሁም ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ሳጥኖቹን በፌስታል አድርገው ይዘው ይሂዱ፤ ስማቸውን በቃል ለማስታወስ አይሞክሩ። የታዘዘልዎን መድኃኒት ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ መቀየር ካለበት የሚቀይረው ሐኪሙ ነው። በሕክምናው መካከል ለጉንፋን ወይም ለሆድ ሕመም አዲስ መድኃኒት ቢታዘዝልዎም፣ ከሚቀጥለው የብርሃን ቀጠሮ በፊት ለክፍሉ ያሳውቁ።

ስለ ራስዎ የማይደብቋቸው ነገሮች

የሉፐስ ሕመም፣ ከዚህ በፊት የተገኘ የቆዳ ካንሰር፣ በቤተሰብ የሚወረስ የብርሃን አለመቻል፣ እርግዝና ወይም ጡት ማጥባት፣ ቀደም ሲል የተወሰደ የብርሃን ሕክምና ካለ ይናገሩ። የቀድሞው ሕክምና ስንት ጊዜ እንደነበረ መታወቁ በተለይ ይጠቅማል፤ ዕድሜ ልክ የሚደመር ቁጥር ነውና።

ጤና አዳም፣ ሎሚና በለስ

ይህን ለየት አድርጌ ማንሣት እፈልጋለሁ። ጤና አዳም በውስጡ የሶራለን ቤተሰብ የሆኑ ንጥረ ነገሮችን ይዟል፤ የሎሚ ልጣጭና የበለስ ወተትም እንዲሁ። ጤና አዳም በባዶ እጅ አሽቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ሊወጣበት ይችላል። በሕክምናው ወራት የሚታከመውን ቆዳ በጤና አዳም አይሹ፣ ሎሚ አይቀቡበት፣ ሎሚም አይጭመቁበት። ቡና ላይ የምትገባው አንዲት ቅርንጫፍ አታሳስብም፤ ጉዳዩ በቆዳ ላይ ከሚያርፈው ጭማቂ ጋር ነው።

ደረጃ 2፦ ቀጠሮውንና ጉዞውን ማደራጀት

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን ይሰጣል፤ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ ሦስት ቀን የሚያስፈልገው የሶራለን ቃጠሎ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። የተራ ፀሐይ ቃጠሎ በማግሥቱ ሲታይ፣ ይህኛው ግን ከ48 ሰዓት በኋላ ሊጀምርና ከ72 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊበረታ ይችላል። ሰኞ ታክመው ማክሰኞ ምንም ስላልታየ ረቡዕ ልድገም ማለት፣ ያልታየውን ቃጠሎ በላዩ ላይ መደረብ ነው። የሥራ ጉዳይ ገጥሞዎት ሁለቱን ቀናት ማቀራረብ ቢፈልጉ እንኳ አይጠይቁ፤ አንዱን መዝለል ይሻላል።

ምርጫ ካለዎት ከሰዓት በኋላ ያለውን የመጨረሻ ቀጠሮ ይያዙ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሲወጡ ፀሐዩ ዘንበል ብሎ ያገኙታል፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የታከመ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ መደበቅ አለበት።

በእያንዳንዱ ቀጠሮ ይዘው የሚሄዱት ጥቂት ነው፦ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ወፍራም የጨርቅ ጓንት፣ ወፍራም ካልሲና ሽፍን ጫማ፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ቫዝሊን፣ መከላከያ መጠኑ 50 የሆነ የፀሐይ ክሬም፣ የሕክምና ካርድዎ። ነጠላ ጫማ አድርገው አይሂዱ። እጅን በነጠላ መሸፈንም አያድንም፤ በስስ ሽመና ውስጥ ብርሃን ያልፋል።

ደረጃ 3፦ ቆዳውን ማዘጋጀት

ወፍራም ቅርፊት ብርሃኑንም መድኃኒቱንም ያግዳል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከመድረሱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ሳሊሲሊክ አሲድ ወይም ዩሪያ ያለበት ቅባት ሊያዝልዎ ይችላል፤ ማታ ቀብተው በካልሲ ወይም በጥጥ ጓንት ይተኛሉ፣ ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ታጥበው የላላውን ቅርፊት ብቻ በለስላሳ ጨርቅ ያነሣሉ።

በምላጭ አይፋቁ፤ በእግር መፋቂያ ድንጋይም ደም እስኪመጣ አይሹ። በተጎዳ ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ አዲስ ሆኖ የመውጣት ባሕርይ አለው፤ ከዚያም በላይ በተላጠው ቦታ ሶራለኑ ከሌላው አብልጦ ይገባና ያ ቦታ ብቻ ይቃጠላል።

በሕክምናው ዕለት ጠዋት እጅና እግርዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ምንም አይቀቡ። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ቅባትም ሆነ ወፍራም ቫዝሊን ከብርሃኑ በፊት ቦታውን ከሸፈነ ብርሃኑን ይከላከላል። ካልሲፖትሪዮል የተባለውን የሶሪያሲስ ቅባት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ተራው ከብርሃኑ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተቀባ ዩቪኤ ራሱ ያበላሸዋል። ሽቶና ሽታ ያለው ሎሽን በዚያ ቀን አይንኩ።

ደረጃ 4፦ ልኬቱ

አብዛኛው ክሊኒክ ይህን ደረጃ በነርስ ያሠራል። ቢሆንም ታካሚው ሂሳቡን ቢያውቀው ይመረጣል፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ቆዳው ነውና።

ለእጅና ለእግር በሰፊው የሚሠራበት መጠን በ1 ሊትር ውሃ 3 ሚሊ ግራም ሜቶክሳለን ነው። ጠርሙሱ ግን ሚሊ ግራም ሳይሆን በመቶኛ ይጽፋል፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል። 0.1% የሚል ጠርሙስ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ይይዛል። 0.75% የሚለው ደግሞ 7.5 ሚሊ ግራም ይይዛል። ስለዚህ ለ2 ሊትር ውሃ የሚያስፈልገው 6 ሚሊ ግራም፣ ከመጀመሪያው 6 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው 0.8 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሁለቱ ጠርሙሶች ተምታተው ከ0.75 በመቶው 6 ሚሊ ሊትር ቢገባ፣ ውሃው ከታዘዘው ሰባት እጥፍ ተኩል የበረታ ይሆናል። ዓይን የሚያየው ለውጥ የለም፤ ውሃው ያው ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በአራተኛው ቀን ነው።

ስለዚህ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. የጠርሙሱን መቶኛ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ አብሮዎት ያለው ሰው ከማዘዣው ጋር ያመሳክር።

2. ውሃውን ልኬት ባለው ጆግ ለክተው ወደ ሳፋው ይገልብጡ። በግምት «ግማሽ ሳፋ» ማለት አይሆንም።

3. ውሃው ወደ 37 ዲግሪ ይሁን፤ ክርን ሲነካው ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማ ለብ ያለ ማለት ነው።

4. መድኃኒቱን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይሳቡ። ከ1 ሚሊ ሊትር በታች የሆነውን በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አይለኩ፤ የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይጠቀሙ።

5. መድኃኒቱን ወደ ውሃው ጨምረው፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ ወይም በፕላስቲክ ማንኪያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያማስሉ። ሳይማሰል የተቀመጠ መድኃኒት አንዱን ጣት አቃጥሎ ሌላውን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

የሚያማስለውም ሆነ ሳፋውን የሚያጥበው ሰው ጓንት ያድርግ። ታካሚውን ለማገዝ በባዶ እጁ ውሃውን ደፍቶ ወደ ፀሐይ የወጣ ዘመድም ሊቃጠል ይችላል። ጠርሙሱ የተቀመጠበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ይኑረው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ፦ ከላይ ያሉት ቁጥሮች የሜቶክሳለን ናቸው። ትራይኦክሳለን የሚል የሌላ ሶራለን ዓይነት ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ከተሰጠዎ ሂሳቡን አያዛውሩ፤ እሱ በቆዳ ላይ ሲውል እጅግ የበረታ ስለሆነ የራሱ መጠን አለው።

የመለኪያ ስሕተት እንደተፈጠረ ከተጠራጠሩ

ውሃውን ይድፉና እንደገና ይጀምሩ። ከተዘፈዘፉ በኋላ ከተጠራጠሩ ብርሃኑን በዚያ ቀን አይውሰዱ፤ ታጥበው፣ ተሸፍነው፣ ለሐኪሙ ነግረው ይሂዱ። ብርሃን ያላገኘው ሶራለን አያቃጥልም፤ የሚያጡት አንድ ቀጠሮ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ መዘፍዘፍ

ከመዘፍዘፍዎ በፊት የእጅዎን ጀርባና የእግርዎን የላይኛ ክፍል ይመልከቱ። እነዚህ ቦታዎች ከመዳፍና ከውስጥ እግር በጣም ስስ ስለሆኑ ቀድመው የሚቃጠሉት እነሱ ናቸው። በሽታው እነሱ ላይ ከሌለ በቫዝሊን ይሸፍኗቸው፤ ውሃውንም ውስጥ እግርንና መዳፍን ብቻ እስኪሸፍን ዝቅ አድርገው ያስቀምጡት። ጥልቅ ስንጥቆች ካሉም ውስጣቸውን በቫዝሊን ይሙሉ። ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ይውለቅ።

አሁን እጅ ወይም እግር ለ15 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ለእጅና ለእግር ሁለት የተለያዩ ሳፋዎች ይኑሩ። ሰዓቱን በስልክ ይሙሉ፤ ጨዋታ እየያዘ 15 ደቂቃው 25 ይሆናል። ክፍሉ መጋረጃው የተዘጋ ይሁን።

ሲያበቃ ቆዳውን በፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት እንጂ አይሹት። በጣቶች መካከል ጠብታ እንዳይቀር ልብ ይበሉ፤ ጠብታው ባለበት ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል። አንዳንድ ክፍሎች ብርሃኑን ወዲያው ያበራሉ፣ ሌሎች 30 ደቂቃ ያስጠብቃሉ። የእርስዎ ክፍል የመረጠው የትኛውም ይሁን፣ በየቀጠሮው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ዛሬ ወዲያው፣ በሚቀጥለው ከ40 ደቂቃ በኋላ ከሆነ የቆዳው ምላሽ ሊነጻጸር አይችልም። በጥበቃው ጊዜ እጅ በጓንት፣ እግር በካልሲ ይሸፈን።

ቦታው ትንሽ ከሆነ

በሽታው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ከመዘፍዘፍ ይልቅ ጄል ወይም የሚቀባ ፈሳሽ ሊመርጥ ይችላል። በጥጥ እንጨት ከመሐል ወደ ዳር ይቀባል፤ ከዳሩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ ቀድሞ በፀሐይ ክሬም ይከለላል። ፈሳሹ ወደ ታች ከወረደ የወረደበት መስመር ተቃጥሎ ለወራት ጠቁሮ ይታያል። የሚቀባው ሶራለን ከሚዘፈዘፈው ይልቅ በቆዳው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ በደረጃ 7 የተጻፈው መሸፈን ከአንድ ቀን በላይ ይቀጥላል።

ደረጃ 6፦ ብርሃኑ

የመጀመሪያው መጠን ዝቅተኛ ነው፤ ለመዳፍና ለውስጥ እግር ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 ጁል (የብርሃን መጠን መለኪያ) በካሬ ሴንቲ ሜትር ይጀመራል። ማሽኑ የሚሠራው ግን በሰከንድ ነው። ሰከንዱ የሚገኘው የታዘዘው መጠን በሚሊ ጁል ተቀይሮ ለማሽኑ ጉልበት በሚሊ ዋት ሲካፈል ነው። 1 ጁል 1000 ሚሊ ጁል ነው፤ የማሽኑ ጉልበት በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊ ዋት ከሆነ 100 ሰከንድ ይመጣል ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ለአንድ ምክንያት ነው፦ አምፑል እያረጀ ሲሄድ ጉልበቱ ይደክማል፣ አዲስ ሲገባ ደግሞ ይበረታል። ጉልበቱ በየጊዜው በመለኪያ መሣሪያ ካልታየ፣ በአሮጌው አምፑል የለመዱት 100 ሰከንድ በአዲሱ ያቃጥልዎታል። «አምፑል ተቀይሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

1. ዓይንዎን የሚከላከለውን መነጽር አድርገው ብርሃኑ እስኪጠፋ አያውልቁ።

2. በእጅ ጀርባና በእግር የላይኛ ክፍል ላይ ያለውን ቫዝሊን ጠርገው የፀሐይ ክሬም ይቀቡ፤ ወይም በጨርቅ ይሸፍኑ።

3. መዳፉን ወይም ውስጥ እግሩን ወደ አምፑሉ አዙረው ጠፍጣፋ አድርገው ያስቀምጡ። ጣቶች አይታጠፉ።

4. ሰዓቱ ተሞልቶ እስኪያልቅ አይንቀሳቀሱ።

5. ማቃጠል ወይም መውጋት በብርሃኑ መካከል ከተሰማዎት እጅዎን ያውጡና ይናገሩ፤ ትክክለኛ መጠን በዚያው ቅጽበት አያምም።

መብራት ከጠፋ

በመካከል መብራት ከጠፋ የቀረውን ሰከንድ ወዲያው ይጻፉ። ጄኔሬተር ቶሎ ከተነሣ የሚቀጥለው የቀረው ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ ሰዓቱን ከመጀመሪያው ይጀምር እንደሆነ ነርሷን ያስታውሱ። መብራቱ ካልመጣ የዕለቱ ሕክምና እዚያው ያበቃል። የቀረውን በረንዳ ላይ በፀሐይ ልሙላው ማለት የለም።

የማይሆኑ ማሽኖች

ለቤት የሚሸጡት የብርሃን ሕክምና መሣሪያዎች ብዙዎቹ 311 ናኖ ሜትር የሚያወጡ የዩቪቢ፣ ማለትም የሌላ ዓይነት አልትራቫዮሌት ብርሃን፣ ማሽኖች ናቸው። እነሱ ያለ ሶራለን የሚሠሩ ናቸው፤ ከሶራለን ጋር አያጣምሯቸው። ጥፍር ቀለም የሚያደርቁት የውበት ሳሎን መብራቶች ዩቪኤ ቢያወጡም መጠናቸው ለሕክምና የተለካ ስላልሆነ ወደዚህ ሥራ አይገቡም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ማሽን ከመላካቸው በፊት የአምፑሉን ዓይነት ለሐኪሙ አሳዩ።

ሐኪሙ በፀሐይ ካዘዘ

ማሽን በሌለበት አካባቢ፣ በተለይ ለለምጽ ሕክምና፣ ሐኪም እጅግ የቀጠነ ሶራለን ቀብታችሁ ይህን ያህል ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆዩ ብሎ ሊያዝ ይችላል። ደቂቃውን የሚወስነው እሱ ነው፤ ከኢንተርኔት የተገኘ የሌላ አገር ሰንጠረዥ ግን በፍጹም አያገለግልም። የአልትራቫዮሌት ጉልበት ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10% ያህል ስለሚጨምር፣ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ያለው ፀሐይ ከባሕር ወለል ፀሐይ ጋር አንድ አይደለም። ሌላው ወጥመድ ወቅቱ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ሥር እየጨመሩ የደረሱበት ደቂቃ፣ መስከረም ላይ ሰማዩ ሲጠራ ያቃጥላል። ወቅቱ ሲለወጥ ወደ መጀመሪያው ደቂቃ ይመለሱ።

ደረጃ 7፦ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ

እዚያው በሳሙናና በውሃ ታጥበው ይውጡ። ከዚያ የፀሐይ ክሬም፣ በላዩ ጓንትና ካልሲ፣ በላዩ ሽፍን ጫማ። መሸፈኑ ቢያንስ እስከ ማምሻው ይቀጥል፤ የተቀባ ፈሳሽ ከሆነ በማግሥቱም ይቀጥል፣ ሐኪሙ ከዚያ በላይ ካዘዘም እሱን ይከተሉ።

ዩቪኤ በመስኮት መስታወት ያልፋል፤ ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው። በሚኒባስ ውስጥ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ባለው መስኮት ሥር እጅን ጭን ላይ ዘርግቶ ከአየር ጤና መገናኛ መሄድ፣ ያልታዘዘ ሁለተኛ ሕክምና ነው። ከመሐል ይቀመጡ። መኪና የሚነዱ ከሆነ ጓንቱን አያውልቁ። ደመናማ ቀንም አያዘናጋ።

እጅና እግር ብቻ የተዘፈዘፈ ሰው፣ ሶራለንን በእንክብል እንደሚውጠው ሰው ቀኑን ሙሉ መነጽር ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ወደ ደም የሚገባው መጠን ትንሽ ነውና። ማታ ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቡ። ማሳከክ ከመጣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይያዙበት፤ አይከኩ።

ደረጃ 8፦ ቆዳውን ማንበብና ቃጠሎ ሲመጣ

በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ አይተማመኑ። ያልታከመውን ቦታ፣ ለምሳሌ የክንድዎን ውስጠኛ ክፍል፣ በአንድ እጅ ጀርባ፣ የታከመውን በዚያው እጅ ይንኩና ሙቀቱን ያነጻጽሩ። ጫን ሲሉት ያማል? ተወጥሯል? ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ያደላ አዲስ ቀለም አለው? እነዚህን በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ይመልከቱና የሚቀጥለው ብርሃን ከመሰጠቱ በፊት ይናገሩ። ነርሷ ካልጠየቀችዎ እርስዎ ቀድመው ይንገሯት።

ትንሽ ሙቀትና ፈዘዝ ያለ መቅላት ካለ፣ መጠኑ ሳይጨመር ባለበት ይቆያል። ሙቀቱ ግልጽ ሆኖ ሲነኩት ካመመ፣ እስኪበርድ ድረስ ሕክምናው ይዘለላል። ውሃ ከቋጠረ ወይም እብጠት ከመጣ፦

1. በዚያው ቀን ሐኪም ያግኙ። ከክሊኒክ ርቀው የሚኖሩ ከሆነ ቢያንስ ይደውሉ።

2. በቀዝቃዛ፣ ግን በረዶ ባልሆነ ንጹሕ ውሃ የራሰ ጨርቅ በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃዎች ያኑሩበት።

3. የቋጠረውን አያፍርጡ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላልም ሆነ ጤና አዳም አያስነኩት።

4. ለሕመሙ ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል፤ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ግን ሐኪሙ ካላዘዘ አይቀቡ።

5. ከብርሃን ፍጹም ይሸፍኑት።

6. መግል፣ ትኩሳት ወይም ወደ ላይ የሚዘልቅ መቅላት ከታየ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቃጠሎው ገና እየጨመረ ሊሄድ እንደሚችል አይርሱ፤ በሁለተኛው ቀን ያዩት የመጨረሻው ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ መጠን መጨመር፣ መቅረትና ማቆም

ቃጠሎ ከሌለ መጠኑ በየቀጠሮው ወይም በየሁለተኛው ቀጠሮ በትንሽ በትንሹ፣ ብዙ ጊዜ በ0.5 ጁል፣ ይጨመራል። ለውጥ ለማየት ሳምንታት ይወስዳል፤ ሙሉ ዙሩ ከ20 እስከ 30 ቀጠሮ ሊደርስ ይችላል። በስድስተኛው ወይም በስምንተኛው ቀጠሮ «አልሠራም» ብሎ ማቋረጥ የሚያጋጥም ውድቀት ነው። በ15ኛው ቀጠሮ ላይ ግን ቅርፊቱ ጨርሶ ካልቀነሰ፣ መጠኑ እየተጨመረ እንደሆነ፣ ቆዳው በትክክል እየተዘጋጀ እንደሆነና ምርመራው ትክክል እንደነበረ ሐኪሙ እንደገና እንዲያየው ይጠይቁ። መግል የሚቋጥር የሶሪያሲስ ዓይነት ያለበት ሰው ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ማቆሙን ከሕክምናው እኩል ይያዘው፤ ይህ ዓይነቱ ሕመም ከማጨስ ጋር የተሳሰረ ነው።

ለቅሶም ሆነ ሠርግ መጥቶ አንድ ቀጠሮ ካመለጠዎ፣ ሲመለሱ መጠኑ አይጨመርም፤ የመጨረሻው ይደገማል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀሩ መጠኑ ይቀነሳል። ወር ገደማ ከሆነ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ያመለጠውን ለማካካስ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ መታከም የለም።

ቆዳው ሲጠራ ሕክምናው ይቆማል፤ ለጥንቃቄ እያሉ ለዓመታት መቀጠል ተገቢ አይደለም። ለረጅም ጊዜ በእንክብል የተሰጠ ፑቫ የቆዳ ካንሰርን እንደሚያበዛ ይታወቃል፤ በሚዘፈዘፈው ላይ ያለው ሥጋት ያነሰ ቢመስልም ቁጥሩ መመዝገብ አለበት። ሐኪም ሲቀይሩ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ መዝገቡ ተከትሎዎት ስለማይመጣ፣ በራስዎ ካርድ ላይ የሚከተሉትን በየቀጠሮው ያስጽፉ፦ ቀኑ፣ የመድኃኒቱ ስምና መቶኛ፣ የውሃው መጠን፣ የተዘፈዘፉበት ደቂቃ፣ የብርሃኑ መጠን በጁል፣ እስካሁን የተወሰደው የቀጠሮ ብዛት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን በቆዳው ላይ የታየው ነገር። ካርዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ወረቀቱ ሳፋው አጠገብ ነው የሚውለው።